አልወጣም ያለው ቢጫ፦ የአንድ ደካማ አሚን የጉዳይ ጥናት

ይህ ጉዳይ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ላብ የደረሰ ነው። ላቡን የማስተምረው እኔ ነበርኩ። የማንንም ስም አላነሣም። ጥፋቱ የብዙዎቻችን ነው፣ ትልቁ ድርሻ ደግሞ የእኔ። የምጽፈው አሚን የሚባል ነገር፣ ማለት ናይትሮጅን ያለበት ኦርጋኒክ ቤዝ፣ ላብ ውስጥ ለሚነካ ሰው ሁሉ ይጠቅማል ብዬ ስላሰብኩ ነው።

ዳራው

ሙከራው የታወቀ ነው። ተማሪው ሦስት ነገሮች የተቀላቀሉበት ዱቄት ይሰጠዋል፦ ቤንዞይክ አሲድ፣ አንድ አሚን እና ናፍታሊን። ናፍታሊኑ ብል እንዳይበላ ቁም ሳጥን ውስጥ የምናስቀምጠው ያ የሚሸት ነጭ ኳስ ነው። ሥራው ሦስቱን ለያይቶ ማውጣት ነው።

አካሄዱ ቀላል ነው። ዱቄቱን ከውሃ ጋር በማይቀላቀል አሟሚ ታሟሟለህ። በሴፓራቶሪ ፈነል (ከታች ቧንቧ ያለው፣ ሁለት ፈሳሽ ንጣፍ መለያ ዕቃ) ውስጥ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ ስትንጠው ቤንዞይክ አሲዱ ጨው ሆኖ ወደ ውሃው ይወርዳል። ቀጥሎ በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ስትንጠው ተራው የአሚኑ ነው። አሚን ቤዝ ስለሆነ ከአሲዱ ፕሮቶን (የሃይድሮጅን አዮን) ይቀበልና ጨው ሆኖ ወደ ውሃው ይሄዳል። ናፍታሊን አሲድም ቤዝም ስላልሆነ ብቻውን አሟሚው ውስጥ ይቀራል። በመጨረሻ የአሚኑን ውሃ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ስታክመው አሚኑ ፕሮቶኑን ይለቅና ይዘቅጣል።

ማንዋላችን ያረጀ ቢሆንም የተፈተነ ነበር። አሚኑ 4-ክሎሮአኒሊን፣ አሲዱ 1 ሞላር (በሊትር 1 ሞል)፣ መጠኑ በየዙሩ 10 ሚሊ ሊትር፣ ሦስት ዙር። ለዓመታት ያለ ችግር ሠርቷል።

በዚያ ሴሚስተር ግን ሁለት ምትክ ተደራረበ። አንደኛው የአሟሚው ነው። ማንዋሉ ኢተር ነበር የሚለው። ኢተር በባሕር ወለል ላይ 34.6 ዲግሪ ላይ ይፈላል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ነው፣ ኢተሩም ገና 30 ዲግሪ ሳይሞላ ይፈላል። በእጅ ሙቀት ብቻ የፈነሉ ክዳን ብድግ ይላል። ስለዚህ በኤትል አሴቴት ቀየርነው። ይህ ቀደም ብሎ የተወሰነ ነው፣ ከክሎሮአኒሊኑ ጋርም ችግር አላመጣም።

ሁለተኛው የአሚኑ ነው። ክሎሮአኒሊኑ አልቋል። ግዢ ተጠይቋል፣ ግዢ ደግሞ ያው ግዢ ነው። መጋዘን ውስጥ የተገኘው ያልተከፈተ የ4-ናይትሮአኒሊን ጠርሙስ ነበር። የላብ ቴክኒሻኑ በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ፣ እጃቸው የተባረከ ሰው ናቸው። ጠርሙሱን አሳዩኝና «ያው አኒሊን አይደል እንዴ ልጄ?» አሉኝ። እኔም «አዎ፣ ያው ነው ጋሼ» አልኩ። የጉዳዩ ሥር እዚህች መልስ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከላቡ በፊት በነበረው ክፍለ ጊዜ አሚን ቤዝ መሆኑን ያስረዳሁት በዓሣና በሎሚ ነበር። የዓሣ ሽታ ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ ትራይሜትል አሚን ነው። ሎሚ ሲጨመቅበት አሚኑ ጨው ስለሚሆን አይተንም፣ ሽታውም ይቀንሳል። ተማሪዎቹ ወደዱት። ምሳሌው ልክ ነው። ችግሩ «ሎሚ እንኳ ከቻለው ሃይድሮክሎሪክ አሲድማ አሚን የተባለን ሁሉ ይዞ ይወርዳል» የሚል ስሜት ትቶ ማለፉ ነው።

ችግሩ

ሰባት ቡድን ነበር። ድብልቁ ከየዓይነቱ 1 ግራም ይዟል፣ አሟሚው 20 ሚሊ ሊትር ነው። ቤንዞይክ አሲዱ ለሁሉም በደንብ ወጣ።

የአሚኑ ተራ ሲደርስ ነገር ተበላሸ። 4-ናይትሮአኒሊን ደማቅ ቢጫ ነው፣ የላይኛው የኤትል አሴቴት ንጣፍም የአብሽ ውሃ መስሎ ነበር። ተማሪዎቹ አሲዱን ጨምረው ናጡ። ቢጫው እዚያው። ሁለተኛ ዙር፣ ቢጫው እዚያው። ሦስተኛም እንደዚያው።

የአሲዱን ንጣፍ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲያክሙት የወጣው አሚን በየትኛውም ቡድን ከ0.2 ግራም አላለፈም። 1 ግራም ነበር መውጣት ያለበት። የቀረው የት ነው? ናፍታሊኑ ውስጥ። አሟሚውን ሲያተኑት ነጭ መሆን የሚገባው ናፍታሊን ቢጫ ሆኖ ቀረ። ንጹሕ ናፍታሊን 80 ዲግሪ ላይ ቁርጥ ብሎ ይቀልጣል። የእኛው ከ80 በታች መርጠብ ጀምሮ፣ 80ን አልፎም ጠጣር ፍርፋሪ ይታይበት ነበር።

መጀመሪያ የሞከርነውና ያልሠራው

መጀመሪያ የተጠረጠረው አሲዱ ነው። «ጠርሙሱ ቆይቷል፣ ደክሞ ይሆናል» ተባለ። ታይትሬት አደረግነው፣ ማለት ጥንካሬው በታወቀ ቤዝ ለካነው፣ ወደ 1 ሞላር የተጠጋ ነው። አሲዱ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፣ በሁለቱም ትርጉም።

ቀጥሎ መጠኑን አሰላን። 1 ግራም ናይትሮአኒሊን 7.2 ሚሊ ሞል ነው። 10 ሚሊ ሊትር የ1 ሞላር አሲድ 10 ሚሊ ሞል ይይዛል። ማለት አንዱ ዙር ብቻ ለጠቅላላው አሚን ይበቃል፣ ሦስት ዙር ደግሞ አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ይህ ስሌት ትክክል ነው። ሆኖም ግማሽ ሰዓት ያባከነብን እሱ ነው፣ ምክንያቱም «አሲዱ በቂ ነው» ብለን የአሲዱን ጉዳይ ዘጋነው።

ሦስተኛው ሙከራ ጉልበት ነበር። «በደንብ ስላልናጣችሁት ነው» አልኩ። አንድ ቡድን እንደ ወተት ናጠው፣ ንጣፎቹም ተዋህደው እርጎ መሰሉ። ያንን ለመለየት የጨው ውሃ ጨምረን 20 ደቂቃ ጠበቅን። ቢጫው ግን ከላይ ነው።

አራተኛው የዙሩን ቁጥር መጨመር ነው። አንድ ቡድን ስድስት ዙር ሄደ። በየዙሩ ጥቂት ይወጣል፣ አለመውጣት አይደለም። ግን በዚህ አያያዝ ማታ እንኳ አንጨርስም ነበር።

ነገሩ የተገለጠበት

መፍትሔው የመጣው ከአንዲት ተማሪ ነው። ከቢጫው ንጣፍ ሁለት ጠብታ በሙከራ ቱቦ ወስዳ፣ አሟሚው እስኪተን ጠብቃ፣ በቀረው ቢጫ ላይ ከዋናው የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠርሙስ ጥቂት ጠብታ ጨመረች። ጭስ ማውጫው ሥር ሆና፣ ጓንት አድርጋ ነው። ቢጫው ጠፋ። ቱቦው ውስጥ የቀረው ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ነው።

«ቲቸር፣ ቀለሙ የት ሄደ?» አለችኝ።

«እስኪ ውሃ ጨምሪበት» አልኳት። ጨመረች፣ ቢጫው ተመለሰ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ላለፈው አንድ ሰዓት መልሱን ስናየው ነበር። የቀለሙ ምክንያትና የቤዝነቱ ድክመት ምክንያት አንድ ነው።

ማብራሪያው

አሚን ቤዝ የሚሆነው ናይትሮጅኑ ላይ ባለው ነፃ የኤሌክትሮን ጥንድ ነው። ፕሮቶኑ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ጥንዱ በቀላሉ የሚገኝ ከሆነ አሚኑ ጠንካራ ቤዝ ነው፣ ሌላ ሥራ ላይ ከተጠመደ ደካማ።

ይህን የምንለካው ፕሮቶን በተቀበለው አሚን ፒኬኤ ነው፤ ማለት አሚኑ ግማሹ ጨው፣ ግማሹ ነፃ በሚሆንበት ፒኤች (ፒኤች የአሲድነት መለኪያ ነው፣ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል)። ፒኬኤው ከፍ ባለ መጠን ቤዙ ይጠነክራል፣ እያንዳንዱ ነጥብም አሥር እጥፍ ነው። ትራይሜትል አሚን 9.8 ነው። አሞኒያ 9.25። ሳይክሎሄክሲል አሚን 10.6። አኒሊን ላይ ስንደርስ ግን ወደ 4.6 ይወርዳል፤ ጥንዱ ከቤንዚን ቀለበቱ ጋር ስለሚጋራ ለፕሮቶን በነፃነት አይቀርብም። ከሳይክሎሄክሲል አሚን ጋር ያለው ልዩነት ስድስት ነጥብ ነው፣ ማለት ሚሊዮን ጊዜ። ክሎሪን ሲጨመርበት ትንሽ ብቻ ይወርዳል፣ 4-ክሎሮአኒሊን 4.0 ገደማ ነው።

ናይትሮ ግሩፕ ግን ሌላ ነገር ነው። ከአሚኑ ፊት ለፊት፣ በቀለበቱ ማዶ ሲቀመጥ ጥንዱን በቀለበቱ አሻግሮ ወደ ራሱ ይስበዋል። ፒኬኤው ወደ 1 ይወርዳል። መሳቡ በርቀት ብቻ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ቀረብ ያለው 3-ናይትሮአኒሊን ይብስ ነበር። እሱ ግን 2.5 ነው። ከ3ኛው ቦታ ሆኖ ጥንዱን በቀለበቱ በኩል መጎተት ስለማይችል ነው።

ይኸው ከአሚኑ ወደ ናይትሮው የሚዘረጋው የኤሌክትሮን መንገድ ሰማያዊ ብርሃን ይውጣል፣ ለዓይናችን ቢጫ ሆኖ ይታያል። ፕሮቶን ጥንዱን ሲይዘው መንገዱ ይዘጋል፣ ቀለሙም ይጠፋል። ስለዚህ ቢጫ ማለት ነፃ አሚን ነው፣ ቀለም አልባ ማለት ጨው። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ሉዊስ ሃሜት እ.ኤ.አ. በ1932 የጠንካራ አሲዶችን ኃይል ለመለካት መስፈርት ሲያወጣ የተጠቀመው እነዚሁኑ የናይትሮአኒሊን ዘመዶች ነው። እኛ መለኪያውን ይዘን መለኪያ መሆኑን ረሳነው።

አንድ ተማሪ ግን ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ። «1 ሞላር አሲድ ፒኤቹ 0 ነው። ፒኬኤው 1 ከሆነ ከአሥራ አንዱ አሥሩ ጨው ሆኗል ማለት ነው። ታዲያ ለምን አልወረደም?»

መልሱ ይህ ነው። አሥር ለአንድ የሚለው ውሃው ውስጥ ስላለው ብቻ ነው። አሟሚው ደግሞ በሌላ በኩል ነፃውን አሚን ይጎትታል። ለሐሳቡ ያህል ነፃው አሚን በኦክታኖል (ከውሃ ጋር የማይቀላቀል አልኮል) እና በውሃ መካከል ያለውን ክፍፍል እንውሰድ። ለናይትሮአኒሊን 25 ለ1 ገደማ ነው። ኤትል አሴቴት ኦክታኖል አይደለም፣ ነገሩን ለማየት ግን ይበቃል። እኩል መጠን ፈሳሽ ቢሆን፣ ውሃው ውስጥ ላለ 1 ነፃ አሚን 10 ጨው እዚያው ውሃው ውስጥ አለ፣ 25 ደግሞ አሟሚው ውስጥ። 11 ከታች፣ 25 ከላይ። የእኛ አሟሚ ደግሞ ከአሲዱ እጥፍ ስለነበር 11 ለ50 ይሆናል። ጨዋታው አልቋል።

ክሎሮአኒሊንን በዚሁ እንየው። ክፍፍሉ 68 ለ1 ገደማ ነው፣ እንዲያውም አሟሚ የሚወደው ከናይትሮው ይልቅ እሱ ነው። ግን ፒኬኤው 4 ስለሆነ በፒኤች 0 ለ1 ነፃ አሚን 10,000 ጨው ውሃው ውስጥ አለ። 10,001 ከታች፣ አሟሚው እጥፍ ሆኖም እንኳ 136 ከላይ። ማንዋሉ ለዓመታት የሠራው በዚህ ሰፊ ትርፍ ነው። እኛ ጠርሙስ ስንቀይር ያንን ትርፍ ሙልጭ አድርገን በላነው።

የሠራውና በከፊል የሠራው

ሐሳቡ ከገባን በኋላ አሲዱን ማጠንከር ብቻ ቀረ። መጀመሪያ 6 ሞላር ሞከርን። ቢጫው በአንድ ዙር ደበዘዘ፣ ተማሪዎቹም አጨበጨቡ። ጭብጨባው ግን ቸኩሏል። ኤትል አሴቴት በጠንካራ አሲድ ውስጥ ይሟሟል፣ የላይኛው ንጣፍ ዓይናችን እያየ ቀነሰ። ቆይቶም የኮምጣጤ ሽታ መጣ፤ ኤትል አሴቴቱ በአሲዱ ወደ አሴቲክ አሲድና ወደ አልኮል መፍረስ ጀምሯል። ናፍታሊኑም ከፊሉ አብሮ ወደ ታች ሄደ።

ስለዚህ ወደ 3 ሞላር ዝቅ ብለን አራት ዙር አደረግን። ጠንካራ አሲድ ሲወፍር ኃይሉ ከሞላሪቲው ቁጥር በላይ ይጨምራል። በ3 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ የጨውና የነፃ አሚን ንጽጽር መቶ ለአንድ ገደማ ይደርሳል፣ ከ1 ሞላሩ አሥር እጥፍ ማለት ነው። ከአራት ዙር በኋላ የላይኛው ንጣፍ ፈዘዝ ያለ የገለባ መልክ ብቻ ቀረው። አብዛኛው አሚን ወጣ። ሙሉ በሙሉ አልወጣም፣ ናፍታሊኑም ንጹሕ ነጭ አልሆነም። ለተማሪ ላብ ግን ይበቃ ነበር።

ሁለት ያላሰብናቸው ነገሮች ገጠሙን። አንድ ቡድን ፈነሉን በባዶ ውሃ አለቀለቀ። አሲዱ አንገቱ ላይ ቀጠነና ናይትሮአኒሊኑ እዚያው ክሪስታል ሆኖ ቧንቧውን ዘጋ። ማለቅለቂያውም 3 ሞላር አሲድ መሆን ነበረበት።

ሁለተኛው ደስ የሚል ነው። አሲዱን ለማከም በረዶ ውስጥ አስቀምጠን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ቀስ እያልን ስንጨምር፣ ሊትመስ ወረቀቱ (በአሲድ ቀይ፣ በቤዝ ሰማያዊ የሚሆነው) ገና ቀይ ሳለ ቢጫው ክሪስታል እንደ ጉድ መዝነብ ጀመረ። ማንዋሉ «ሊትመስ ሰማያዊ እስኪሆን» ይላል። ያ ለክሎሮአኒሊን ነው። ናይትሮአኒሊን ፒኤች 3 ላይ እንኳ ከመቶው 99ኙ ነፃ ነው። ደካማ ቤዝ ለመግባት ያስቸግራል፣ ለመውጣት ግን አይለመንም። ያንን ስናይ ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱን ቆጠብን።

ስለ ጥንቃቄ አንድ ቃል። ናይትሮአኒሊንም ክሎሮአኒሊንም በቆዳ ይገባሉ፣ ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን እንዲያጣ ያደርጋሉ። ጓንትና ጭስ ማውጫ የግድ ነው። ያንን ቢጫ ውሃ ሲንክ ውስጥ መድፋት ክልክል ነው፣ ለብቻው በጠርሙስ ይጠራቀማል።

ለሌላው ላብ የሚተርፈው

ኬሚካል ስትተካ ስሙን አትተካ። «አኒሊን» የሚለው ስም የቅርጽ ዘመድነትን እንጂ የቤዝ ኃይልን አይናገርም። 4-ክሎሮ እና 4-ናይትሮ በስም ወንድማማች ናቸው፣ በቤዝ ኃይል ግን በሺህ እጥፍ ይለያያሉ። ጠርሙሱን ከማንሣት በፊት ፒኬኤውን ማየት ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። እዚያው መደርደሪያ ላይ ምናልባት 4-ቶሉይዲን ይኖር ነበር። ፒኬኤው 5.1 ነው፣ ማንዋሉን አንድ ቃል ሳንቀይር ይሠራልን ነበር። አልፈለግንም።

«በቂ ሞል አለ» እና «በቂ ጠንካራ ነው» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያውን መልሰን ሁለተኛውን የመለስን መስሎን ነበር። ለአሚን ማውጫ እኔ አሁን የምጠቀምበት ልማድ የአሲዱ ፒኤች ከአሚኑ ፒኬኤ ቢያንስ በሦስት ነጥብ ዝቅ እንዲል ነው። አሟሚው አሚኑን አጥብቆ የሚይዝ ከሆነ ከዚያም በላይ።

ትንሽ ምትክ ብቻውን ላይጎዳ ይችላል። ኤትል አሴቴቱ ከክሎሮአኒሊኑ ጋር ችግር አልነበረበትም። ከናይትሮው ጋር ሲገናኝ ግን የአሲዱን ጥንካሬ እንደልብ እንዳንጨምር ያሰረን እሱ ነው። ስለዚህ ማንዋል ላይ የተደረገ ለውጥ ሁሉ፣ ቀኑና ምክንያቱ፣ እዚያው ማንዋሉ ላይ መጻፍ አለበት።

ስለ ምሳሌም ልናገር። ዓሣና ሎሚን አልተውኩም፣ ግን አሁን ለብቻው አላስተምረውም። ከጎኑ የናይትሮአኒሊኑን ቱቦ አስቀምጣለሁ። ተማሪ ቤዝ «ነው ወይስ አይደለም» ብሎ ሳይሆን «ምን ያህል?» ብሎ እንዲጠይቅ እፈልጋለሁ። «አሚን ላይ ካርቦን በጨመርክ ቁጥር ቤዝነቱ ይጨምራል» የሚለውን የሽምደዳ ሕግም እግረ መንገዴን አፈርሰዋለሁ፤ ውሃ ውስጥ ዳይሜትል አሚን 10.7 ሲሆን ትራይሜትል አሚን 9.8 ነው፣ ከሜትል አሚን ከ10.6ም ያንሳል። ሦስት ሜትል ያለው ጨው ውሃ የሚያቅፈው ሃይድሮጅን አንድ ብቻ ነው ያለው።

ከዚያ በኋላ

ክሎሮአኒሊኑ በሚቀጥለው ሴሚስተር መጣ። ወደ ቀድሞው ማንዋል ተመለስን፣ ሙከራውም ያለ ጉድለት ሄደ። ናይትሮአኒሊኑን ግን አልጣልነውም። አሁን ራሱን የቻለ የግማሽ ሰዓት ሙከራ ሆኗል፦ አራት ቱቦ፣ 0.1፣ 1፣ 3 እና 6 ሞላር አሲድ፣ በእያንዳንዱ ትንሽ ቢጫ። ተማሪዎቹ ቀለሙ እየደበዘዘ ሲሄድ አይተው ፒኬኤውን ራሳቸው ይገምታሉ። አብዛኞቹ ከ0.5 እስከ 1.5 ባለው ውስጥ ይወድቃሉ።

የዚያን ቀን ቢጫ ናፍታሊን ቴክኒሻኑ በማሰሮ አድርገው መደርደሪያ ላይ አስቀምጠውታል። ላዩ ላይ በእጃቸው «ያው አይደለም» ብለው ጽፈውበታል።